ጐባጣው ድልድይና የተሰደዱት መጻሕፍት

ወደ ኢጣልያ የሚሄድ መንገደኛ ዓይኑ የሚቸኩለው ወደ ሮማ፣ ወደ ፊሬንዜና ወደ ቬኔዚያ ነው። እውነት ነው፤ በእነዚያ ከተሞች ያለው ሥዕልና ሐውልት ሰውን አፍ ያስከፍታል። ነገር ግን ሰልፉ ረዥም ነው፣ ቡናው ውድ ነው፣ ግፊያውም እንደ መርካቶ ቅዳሜ ነው። እኔ ግን በሰሜን ኢጣልያ ሳለሁ አንዲት ቅዳሜ ባገኝ ፊቴን ወደ ገጠር አዙሬ ቦቢዮ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄድሁ። የጥንት የብራና መጻሕፍት ታሪክ በሚወሳበት ሁሉ የዚህች ከተማ ስም አይታጣም፤ በካርታ ላይ ለማግኘት ግን ዓይንን አቅርቦ መፈለግ ያስፈልጋል። የሕዝቧ ቍጥር ሦስት ሺህ ተኩል ያህል ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።)

ለቦቢዮ የባቡር ሐዲድ አልደረሰላትም። ስለዚህ ፒያቼንዛ ከምትባለው ከተማ በአውቶቡስ መሳፈር ግድ ነው። መንገዱ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ትሬቢያ የሚባለውን ወንዝ ሽቅብ እየተከተለ ይወጣል። ትሬቢያ ከጄኖቫ ጀርባ ካሉት የአፔኒን ተራሮች ይነሣና ወደ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ፒያቼንዛ አጠገብ ከታላቁ ከፖ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል።

አውቶቡሱ በሜዳው ላይ ሲያልፍ፣ በትምህርት ቤት ታሪክ የተማረ ሰው ሐኒባልን ሳያስታውስ አይቀርም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ዓመት፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ ይህ የካርታጎ የጦር መሪ ሮማውያንን በዚሁ ወንዝ ዳር ድል ነሣቸው። ዘዴው ቀላል ነበር። ሮማውያኑ ገና ቍርስ ሳይቀምሱ በማለዳ እያባበለ ከሰፈራቸው አስወጣቸውና እስከ ደረት የሚደርሰውን ቀዝቃዛ ውሃ አሻገራቸው። የእርሱ ወታደሮች ግን ጠግበው በልተው፣ እሳት ሞቀው፣ ሰውነታቸውን ዘይት ቀብተው ይጠብቁ ነበር። ቍርስ ሳልበላ አውቶቡስ ላይ የወጣሁት እኔም በዚያን ሰዓት የሮማውያኑ መከራ በመጠኑ ተሰማኝ።

ከሜዳው በኋላ ተራራው ከግራና ከቀኝ ይጠጋል፤ ወንዙም በነጭ ጠጠር መካከል እየተጠማዘዘ አንዴ አረንጓዴ አንዴ ሰማያዊ ይመስላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጓዝን በኋላ ሾፌሩ «ቦቢዮ» አለና አወረደን።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ድልድዩ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የሰከረ አናጢ የሠራው ይመስላል። ርዝመቱ 273 ሜትር ሲሆን 11 ቅስቶች አሉት፤ ከእነዚህም ሁለቱ እንኳ እኩል አይደሉም። አንዱ ቅስት ሰፊና ከፍ ያለ፣ ቀጥሎ ያለው ጠባብና ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፣ የድልድዩ ጀርባ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደ ገና ይወጣል። ስለዚህም የአገሩ ሰው «ጐባጣው ድልድይ» ይለዋል፤ «የሰይጣን ድልድይ» የሚሉትም አሉ። በእግሬ ስሻገረው ሁለት ጊዜ ቆሜ ዐረፍሁ።

«የሰይጣን» የተባለበት ምክንያት እንዲህ ነው። ቅዱስ ኮሎምባኖ የሚባለው የከተማዋ ጻድቅ ወንዙን ማሻገሪያ ቢቸግረው ሰይጣን መጣና «በአንድ ሌሊት ድልድይ ልሥራልህ፤ ዋጋዬ ግን መጀመሪያ የሚሻገረው ነፍስ ነው» አለው። ጻድቁም እሺ አለ። ሰይጣኑ ዐሥራ አንድ ረዳቶች ጠርቶ ቅስቶቹን በጀርባቸው አሸከማቸው፤ የሰይጣኖቹ ቁመት እኩል ስላልነበረ ቅስቶቹም እኩል ሳይሆኑ ቀሩ። ሲነጋ ጻድቁ ሰው አላሻገረም፤ እንስሳ አስቀደመ። አንዳንዱ ውሻ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ድብ ነው ይላል። የተታለለው ሰይጣን ተናዶ ድልድዩን በእግሩ ቢመታው ያን ጊዜ ተጣመመ፤ እስከ ዛሬም አልተቃናም።

መሐንዲስ የሚሰጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ትሬቢያ በዝናም ጊዜ ከተራራው ሲወርድ ጐርፉ ብርቱ ነው፤ አልጋውንም ይለዋውጣል። ጐርፉ አንዱን ቅስት ሲወስድ የዘመኑ ሰዎች እንደ አቅማቸው ይጠግኑታል፤ ወንዙ ሲሰፋ ደግሞ ሌላ ቅስት ይጨምሩበታል። ድልድዩ በጽሑፍ ሲጠቀስ የሚገኘው ከ12ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ ነው። እንግዲህ ጐባጣነቱ የብዙ መቶ ዓመት ጥገና ምልክት ነው ማለት ነው። የመሐንዲሱ ምክንያት እውነት መሆኑን ባልጠራጠርም፣ ለልጅ የምነግረው ግን የመጀመሪያውን ነው።

አሁን ወደ ጻድቁ እንመለስ፤ ያለ እርሱ ቦቢዮ የለችምና። ኮሎምባኖ የኢጣልያ ሰው አልነበረም። አገሩ አየርላንድ ነው። ወደ 590 ዓ.ም. ገደማ ከጓደኞቹ ጋር ባሕር ተሻግሮ ዛሬ ፈረንሳይ ወደምትባለው አገር መጣና ገዳማት ተከለ። ጠባዩ ግን እንደ ቤተ መንግሥት ካህን የለዘበ አልነበረም። ንጉሡ ከዕቁባቶቹ የወለዳቸውን ልጆች ባርክልኝ ቢሉት «አልባርክም» አለ፤ በዚህም ምክንያት በ610 ዓ.ም. ከአገሩ ተባረረ። እየተንከራተተ የአልፕስን ተራሮች ተሻግሮ ኢጣልያ ሲደርስ በዕድሜው የገፋ ሽማግሌ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰሜን ኢጣልያን ይገዙ የነበሩት የሎምባርዶች ንጉሥ አጊሉልፍና ንግሥቲቱ ቴዎዶሊንዳ በደኅና ተቀበሉት፤ በ614 ዓ.ም. በትሬቢያ ሸለቆ የፈረሰች የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ያለችበትን ቦታ ሰጡት። እርሱም ቤተ ክርስቲያኒቱን ጠገነ፣ ገዳሙን መሠረተ፤ በኅዳር 615 ዓ.ም. ዐረፈ። የኖረባት ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ይህን ሳነብ ከሩቅ አገር መጥተው በየአምባው ገዳም የተከሉትን ዘጠኙን ቅዱሳን አሰብሁ። አቡነ አረጋዊን ዘንዶ ደብረ ዳሞ ላይ እንዳወጣቸው እኛ አገር እንደሚነገረው፣ እዚህም ለኮሎምባኖ የሚተረክ የድብ ታሪክ አለ። ድብ ከሚያርሱት በሬዎች አንዱን ቢገድልበት ጻድቁ ድቡን ራሱን በሞተው በሬ ፋንታ ጠመደው ይላሉ። ገዳም የሚተክል ሰው በየትም አገር ቢሆን ከአውሬ ጋር ሳይስማማ አይሆንለትም መሰለኝ።

ስፍራው በከንቱ አልተመረጠም። በአቅራቢያው ጨዋማ ምንጮች አሉ፤ ከባሕር ወደ ሜዳው የሚያልፈው መንገድም በዚሁ ሸለቆ ነበር። ጨው ለሰውም ለከብትም በሚያስፈልግበት፣ ሥጋም ያለ ጨው በማይቀመጥበት ዘመን፣ የጨው ምንጭ ያለው ገዳም ማለት ግምጃ ቤት ያለው ገዳም ማለት ነው። አሞሌ ይቈጥሩ የነበሩት አያቶቻችን ይህን ለመረዳት ማብራሪያ ባላስፈለጋቸው ነበር።

የገዳሙ እውነተኛ ሀብት ግን ጨው አልነበረም፤ መጻሕፍት ነበሩ። መነኰሳቱ ብራና እየፋቁ፣ ቀለም እየበጠበጡ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ጻፉ፣ ገለበጡ፣ ሰበሰቡ። በ9ኛው ወይም በ10ኛው መቶ ዓመት የተዘጋጀ አንድ ዝርዝር ወደ ሰባት መቶ የሚጠጉ መጻሕፍት ይቈጥራል። ይህ በዚያን ዘመን ነገሥታት እንኳ የማያገኙት ብዛት ነው። በ982 ዓ.ም. ገደማ አበምኔት ሆኖ የተሾመው ጄርቤር የሚባለው ፈረንሳዊ በሒሳብ ሊቅነቱ የታወቀ ሲሆን፣ የዓረብ አኀዝን ለአውሮፓ ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። በቦቢዮ ብዙ አልተቀመጠም፤ በ999 ዓ.ም. ግን ሲልቬስትሮ 2ኛ ተብሎ የሮማ ፓፓ ሆነ።

ከመጻሕፍቱ አንዱን እዚህ ላይ ሳልጠቅስ አላልፍም። በላቲን ቋንቋ የተጻፈ የማቴዎስና የማርቆስ ወንጌል ቍራጭ ነው። ዕድሜው ከ4ኛው ወይም ከ5ኛው መቶ ዓመት ይጀምራል፤ የተጻፈውም በሰሜን አፍሪካ ሳይሆን እንደማይቀር ሊቃውንት ይናገራሉ። በገዳሙ ልማዳዊ ታሪክ ኮሎምባኖ ይህን ወንጌል በትከሻው በሚያንጠለጥለው የቈዳ ከረጢት ይዞት ይዞር ነበር። የአየርላንድ መነኰሳት መጻሕፍታቸውን የሚይዙት እንዲህ ባለ ከረጢት ነበር፤ የእኛ መነኰሳትም እስከ ዛሬ በማኅደር ይይዛሉ። ሁለቱ እጅግ መመሳሰላቸው የውጭ አገር ሊቃውንትን ሲያስገርም የኖረ ነገር ነው።

ደግሞ ስለ ሲሴሮ እንናገር። የሮማው ሊቅ ሲሴሮ ስለ መንግሥት አስተዳደር የጻፈው መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ከመጨረሻው ክፍልና ሌሎች ከጠቀሷቸው ጥቂት ቃላት በስተቀር ማንም አያገኘውም ነበር። ይሁን እንጂ መጽሐፉ አልጠፋም፤ ተፍቆ ነበር። ብራና ውድ ነው፤ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ማለት አንድ መንጋ ማለት ነውና። በ7ኛው መቶ ዓመት የአረማዊውን የሲሴሮን ጽሑፍ ፍቀው በላዩ ላይ አውግስጢኖስ በመዝሙረ ዳዊት ላይ የጻፈውን ትርጓሜ ጻፉበት። ይህ ብራና ለዘመናት በቦቢዮ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ቫቲካን ተዛወረ። እዚያም በ1819 አንጄሎ ማይ የሚባል የቤተ መጻሕፍት ሹም ከመዝሙሩ ትርጓሜ ሥር ደብዘዝ ያለ ትልልቅ ፊደል አየ። ሲያነበው ሲሴሮ ሆኖ አገኘው። የፋቀው መነኵሴ መጽሐፉን ያጠፋ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ባይፍቀውና መዝሙር ባይጽፍበት ኖሮ ማን ይጠብቀው ነበር? አንጄሎ ማይ ደግሞ የተፋቀውን ጽሑፍ ለማንበብ ብራና ላይ መድኃኒት እየቀባ ይመረምር ስለ ነበር፣ ያነበባቸው ገጾች ኋላ ጠቊረው ተበላሽተዋል። አንዱ በመፋቅ አቆየ፣ ሌላው በማንበብ ጐዳ።

ታዲያ እነዚያ መጻሕፍት ዛሬ የት ናቸው? በቦቢዮ የሉም።

ይህን በጽሑፍ ባውቀውም ቦታው ድረስ ሄጄ መጠየቅ ፈለግሁ። የድሮው ገዳም ከፊሉ ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። ውስጡ ጥሩ ጥሩ ዕቃ አለ። ከቅድስት አገር የመጡ የ6ኛው መቶ ዓመት ትንንሽ የማዕድን ብልቃጦች አየሁ፤ የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ቅዱስ ዘይት ያመጡባቸው ናቸው። ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ የ4ኛው መቶ ዓመት ዕቃም አለ። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ደግሞ የኮሎምባኖ መቃብር በ1480 በተሠራ የእብነ በረድ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። መጻሕፍት ግን አላገኘሁም።

በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሸበቶ ሰው ነበር፤ ዱሮ መምህር እንደ ነበር ኋላ ነገረኝ። በተሰባበረ ኢጣልያንኛዬ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የመነኰሳቱ መጻሕፍት የትኛው ክፍል ናቸው?» አልሁት።

ጣቶቹን እያጠፈ ቈጠረልኝ። «ሚላኖ። ቫቲካን። ቶሪኖ። ፓሪስም አንድ አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1461 መጻሕፍቱ ሲቈጠሩ 243 ቀርተው ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ካርዲናል ፌዴሪኮ ቦሮሜኦ ሚላኖ ላይ አምብሮዚያና የተባለውን ቤተ መጻሕፍት ሲያቋቁም ከቦቢዮ ከሰባ የሚበልጡ መጻሕፍት ወሰደ። በ1618 ከሃያ የሚበልጡት ለፓፓ ጳውሎስ 5ኛ ወደ ቫቲካን ሄዱ። አንድ ትንሽ የቅዳሴ መጽሐፍ ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ወደ ፈረንሳይ ተወሰደ። በ1803 የፈረንሳይ መንግሥት ገዳሙን ዘጋው፤ ንብረቱም ተሸጠ። ከተረፉት መጻሕፍት ብዙዎቹ ወደ ቶሪኖ ገቡ። በ1904 ግን የቶሪኖው ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሎ ከቦቢዮ የመጡ አንዳንዶቹ በእሳት ጠፉ። ኮሎምባኖ በከረጢቱ ይዞት ነበር የሚባለው ወንጌል ግን ከእሳቱ ተርፏል።

«ታዲያ አያስቈጭዎትም?» ብዬ ጠየቅሁት።

ትከሻውን ሰበቀና እንዲህ አለኝ፤ «ያስቈጨኛል እንጂ። ነገር ግን እዚህ ቢቀሩ ኖሮ ምናልባት በ1803 ለዓሣ መጠቅለያ ይሸጧቸው ነበር። ሚላኖ ሄጄ አንዱን አይቼዋለሁ። የሚያሳየኝ ሰው ‹ይህ የቦቢዮ ነው› አለኝ። ‹እኔም የቦቢዮ ነኝ› አልሁት።» ከዚያም ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀኝ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስለው ጥቂት ዝም አለ። «እናንተማ ይህን ታውቁታላችሁ» አለ።

እውነት ነው፤ እናውቀዋለን። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የጫናቸው በመቶ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት እስከ ዛሬ ለንደን ናቸው። የአክሱምንም ሐውልት የፋሺስት መንግሥት በ1937 ወደ ሮማ ወስዶት የተመለሰው በ2005 ነው። በእርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የቦቢዮ መጻሕፍት አብዛኞቹ በዚያው በኢጣልያ አሉ፤ የተወሰዱትም ጦር ዘምቶባቸው ሳይሆን በትልልቅ ሰዎች ጥያቄ ነው፤ ምንም እንኳ ካርዲናልና ፓፓ ሲጠይቁ ድኻ ገዳም እንቢ ማለት ቢቸግረውም። «ባይወሰዱ ይጠፉ ነበር» የሚለው ቃል ግን ለንደን ላይም ይነገራል። ከሽማግሌው አፍ ስሰማው አላስቈጣኝም፤ የጠፋበት ሰው ራሱን ሲያጽናና የሚናገረው ነውና። ከወሰደው ሰው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሽማግሌው ሌላም ነገር ነገረኝ። በ1944 በሐምሌና በነሐሴ ወር የዚህ ሸለቆ አርበኞች የፋሺስትንና የጀርመንን ጦር አስወጥተው ቦቢዮን ለጥቂት ሳምንታት ነጻ አድርገው አስተዳድረዋት ነበር። እኛ ከ1936 እስከ 1941 በዱር በገደል የተዋጋነው ከዚያው ከፋሺስት ጋር ነው። ይህን ብነግረው ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ።

ከዚያ ወደ አደባባዩ ወጣሁ። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለ ነበር የካቴድራሉ ፊት በአይብ፣ በጫማና በሽንኩርት ተሞልቷል። በዙሪያው ያሉት ቤቶች ከሥራቸው ቅስት ያለው መተላለፊያ ስላላቸው ዝናም ቢዘንብ ሰው ሳይርስ ይዘዋወራል። ካቴድራሉ የተመሠረተው በ11ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ከፍ ብሎ የሚታየው ግንብ ደግሞ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሠራ ነው። መንገዶቹ ጠባብ፣ በወንዝ ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው። በ2019 የኢጣልያ ቴሌቪዥን ባደረገው ውድድር ቦቢዮ ከአገሪቱ ትንንሽ ጥንታውያን ከተሞች አንደኛ ሆና ተመርጣለች። እውነትም ይገባታል። የዚህችው ከተማ ተወላጅ የሆነው የታወቀው የፊልም ሠሪ ማርኮ ቤሎኪዮም የመጀመሪያውን ፊልሙን፣ በ1965 የታየውን፣ ያነሣው እዚሁ ነው።

የምሳው ነገር ጥቂት አሳሰበኝ። የከተማዋ ሰው የሚኰራበት ምግብ ቀንድ አውጣ ነው። ያንን ለቦቢዮ ሰዎች ትቼ ሁለተኛውን አዘዝሁ፤ እርሱም መኰሮኒ ነው። ሊጡን በሹራብ መሥሪያ መርፌ ላይ እየጠቀለሉ አንድ በአንድ በእጅ ይሠሩታል፤ ከዚያም ብዙ ሰዓት በቀስታ የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ወጥ ያፈሱበታል። ያስተናገዱኝ እመቤት ሳህኔ ባዶ መሆኑን አይተው ሳልጠይቃቸው ደገሙኝ። «ብላ እንጂ፣ ልጄ» እንደ ማለት ያለ ነገር ተናገሩ። የጉርሻ አገር ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

የመጨረሻው አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ጥቂት ጊዜ ስለ ነበረኝ እንደ ገና ወደ ድልድዩ ወረድሁ። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ገብታለች፤ ልጆች በጠጠሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ውሃ ይራጫሉ። አንድ ሽማግሌ በትር ይዞ ከወዲያ ማዶ ሊሻገር ሲመጣ አየሁት። ትንሽ ቡናማ ውሻ ከፊቱ ቀድሞ ጐባጣውን ሽቅብ እየሮጠ መጣና አጠገቤ ሲደርስ ጫማዬን አሽትቶ አለፈ።